ሎከር ስልክ አያነሳም

ሚስተር ፕራትን ሞቶ ያገኘችው ቤዚ ናት። ሐሙስ ጠዋት ለአንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው የመሣሪያ ክፍሏን ልትከፍት ስትገባ፣ ሽማግሌው ከፍተሻ ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ከጆሮው በላይ ራስ ቅሉ ተሰብሯል። ጮኸች፤ የሰማት ግን አልነበረም። የባቡር ጥገና ወርክሾፕ ውስጥ የሰውን ጩኸት ኮምፕሬሰሩ ይውጠዋል።

መርማሪ አክሱማዊት ስትደርስ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ለዓመታት ሲቆፈር የኖረው የቶሮንቶው ኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ዛሬም በሰላም አላሳለፋትም።

ወርክሾፑ ለሁለት የተከፈለ ነው። ግማሹ ፉርጎ ይጠግናል። ሌላው ግማሽ አውሮፓ ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ የመድፍ ቅምቡላ ቀፎ ይቀርጻል። ጋዜጦች ይህን እንደ ጉድ ጻፉት፤ ሚስተር ፕራት ግን ይስቅባቸው ነበር። እሱ የተወለደው እንግሊዝ አገር፣ የባቡር ወርክሾፕ ከተማ ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወንዶቹ ሎኮሞቲቭ ይሠሩበት በነበረው አዳራሽ እናቱ የቅምቡላ መርማሪ ነበረች። የእሷን የብረት ማኅተም፣ ቁጥር አሥራ ስድስትን፣ ወርሶ ቶሮንቶ ድረስ ይዞት መጥቷል። እዚህም የቀፎ መርማሪው እሱ ነው። ልኩን የጠበቀ ሲያገኝ የቀፎው ቂጥ ላይ በመዶሻ ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ቁጥሩን፣ ወሩን፣ ዓመቱን። ያልጠበቀውን ቀይ ቀለም ይቀባዋል። ከቀይ የሚመለስ የለም። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ እንደዚህ ያለ ደረቅ ሰው ጠላት አያጣም።

አክሱማዊት ጎንበስ ብላ ሬሳውን አየች። ማኅተሙ በኮቱ የውስጥ ኪስ በመሐረብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ግን ሁለት ቀፎዎች አሉ፤ ሁለቱም ላይ አሥራ ስድስት ቁጥር ተመትቷል፤ ምቱ ገና ያብረቀርቃል። ጠረጴዛው ሥር ቀይ ያረጠበው ጨርቅ ወድቋል። መጀመሪያ ደም መስሏት ነበር። አሸተተችው፤ አኳራጅ ነው፣ የቀለም ማቅጠኛ።

"አንድ ሰው ቀዩን እያጠበ ማኅተም ይመታ ነበር" አለች አብሯት ለቆመው አለቃዋ ለሎውሪ። "የሟቹ ማኅተም ከኪሱ አልወጣም። ሌላ ማኅተም አለ ማለት ነው።"

"የታጠቡት የማን ሥራ ናቸው?"

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበች። ትናንት አርባ ቀፎ በቀይ ተመልሷል። አርባውም ከአንድ ቶርኖ፣ ከአንድ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ የወጡ ናቸው፤ የቶርኖው ሠራተኛ ሪድዋን ይባላል።

ሎውሪ እስክሪብቶውን ዘጋ። ለእሱ ጉዳዩ ያኔውኑ አልቆ ነበር።

ሪድዋን ሥራ የገባው ዘግይቶ፣ ለሁለት ሰዓት ሃያ ሲቀረው ነው። በአራት ዓመት ውስጥ አርፍዶ አያውቅም። በዋዜማው ስለ አርባው ቀፎ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ሠላሳ ሰው ሰምቶታል። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ስልኩ ከራሱ ሎከር፣ ከዕቃ ማስቀመጫ ሣጥኑ፣ ውስጥ ተገኘ። የስልኩ መዝገብ ሲወጣ እጁ ካቴና ገባ።

"ስልኬ ጠፍቶብኝ ነበር አልኩዎት እኮ" አላት ሪድዋን፣ ጠባቧ የምርመራ ክፍል ውስጥ። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጥፍሮቹ ሥር የብረት ብናኝ ተቀምጧል። "ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ጃኬቴን ብፈትሽ የለም። ሎከሬን በረበርኩ፣ የለም። ቤቴ ገብቼም ፈለግሁ። ሳጣው ትቼው የእናቴን አልጋ መገጣጠም ጀመርኩ። ጠዋት አላርም የለኝ፣ እንቅልፍ ጣለኝ።"

"የእናትህ አልጋ?"

ፊቱ ለቅጽበት በራ። "ቪዛዋ ወጣ እኮ! ስፖንሰር ካደረግኋት ሦስት ዓመት ሆነኝ። ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ ተከራየሁላት። ሊፍት ትፈራለች ብዬ ሁለተኛ ፎቅ ስጡኝ እያልኩ ስንት ወር ጠበቅሁ!"

አክሱማዊት ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች። "ሪድዋን፣ ዛሬ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ስምንት ላይ ከድሬዳዋ ተደውሎልሃል። ስልኩ ወርክሾፕ ውስጥ ነበር። ተነስቶ ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ተወርቶበታል። ሐኪሙ ሰውዬው የሞተው በዚያው ሰዓት ገደማ ነው ይላል። ሎከር ደግሞ ስልክ አያነሳም።"

ልጁ አፉን ከፍቶ አያት። "ከድሬዳዋ ማን ነው የደወለው?"

"የእህትህ ቁጥር ነው።"

"ምን አለች?"

ይህቺ ጥያቄ አክሱማዊትን ወጋቻት። ዋሽቶ የተያዘ ሰው እንዳልተደወለለት ይምላል፣ ስልኩ ተበላሽቷል ይላል፣ ጠበቃ ይጠራል። እህቴ ምን አለች ብሎ መርማሪውን አይጠይቅም።

"እባክዎ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ልደውል" አለ ሪድዋን። "ሐሙስ ሐሙስ ነው እናቴን የማገኛት። ዛሬ ድምፄን ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም።"

አልተፈቀደለትም።

"ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ዳኛ ፊት ይቀርባል" አላት ሎውሪ ኮሪደር ላይ። "ክሱ ግድያ ነው። ሌላ ነገር ካለሽ እስከዚያ አምጪ። የራሴ ሰው ነው ብለሽ እንዳታልፊው ብቻ።"

ይህን ቃል ዋጠችው። ሃያ ዓመት ፖሊስ ሆና ስትኖር ስንቱን ውጣለች። ወደ እህትየው ደወለች፤ አይነሳም። ደግማ ደወለች፤ ስልኩ ተዘግቷል።

ቤዚ የመሣሪያ ክፍሉ መስኮት ጋ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። መዶሻውም፣ አኳራጁም፣ የፉርጎ መግቢያው ትልቅ በር ቁልፍም ያሉት እሷ ጋ ነው።

"ቁልፉን ማን ይወስዳል?"

"ኤኒዋን። ሚስማር ላይ ነው የሚሰቀለው፤ ሺፍቱ ሁሉ ያውቀዋል።"

"የሪድዋንን ስልክ ረቡዕ አይተሽዋል?"

"ኖ።" ቶሎ አለችው፤ በጣም ቶሎ።

"ረቡዕ ማታ የት ነበርሽ?"

"ቤት። ተኛሁ፤ ታይርድ ነበርኩ።" ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። "እሱ ምንም አላደረገም። ፕሊስ፣ አሁን እንዳታስጨንቁት። በተለይ አሁን።"

"በተለይ አሁን ማለት ምን ማለት ነው?"

ቤዚ የመስኮቱን መዝጊያ ስባ ዘጋችው። 

ፎርማኑ ጋሽ ሰብስቤ ግን የሚያወሩ ሰው ናቸው። ስልሳ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። በከተማው የእድር ሰብሳቢ ናቸው፤ የታመመ የሚጠይቁ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ። ከስደተኞች ማኅበር ጋር ተነጋግረው ግማሹን ሺፍት ያስቀጠሩት እሳቸው ናቸው። አክሱማዊትን እንደ ልጃቸው እጇን ይዘው አስቀመጧት።

"ይሄን ልጅ ስታስሩ ምን ነካችሁ? አባቱ እኮ ነው ሙያ ያስተማረኝ፤ ድሬዳዋ፣ ባቡር ጣቢያው ወርክሾፕ። ብረት እንዴት እንደሚነካ እንኳ አላውቅም ነበር። አባቱ ጣቴን ይዞ ነው ያሳየኝ።" ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "እሱን ሰው ገደለ ማለት እኔን እንደ መግደል ነው።"

"ረቡዕ ማታ የት ነበሩ ጋሼ?"

"ዳንፎርዝ መንገድ ላይ፣ እታገኝ ሱቅ። የእድር ጉዳይ ነበረን። ሦስታችን የእድሩ ሽማግሌዎች፣ ቤዚም፣ ሌሎችም ነበርን።"

"ቤዚ ቤቴ ነበርኩ ብላኛለች።"

መሐረባቸውን አጠፉ። "ልጅ ናት፤ ፈርታ ይሆናል" አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በለሆሳስ ጠየቋት፣ "እንደው ልጁ ለቅዳሜ ይወጣ ይሆን?"

"ቅዳሜ ምን አለ?"

"ምንም። እንዲሁ ነው።"

አክሱማዊት ወደ ቢሮዋ ስትመለስ አንድ ነገር ገብቷት ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ሁሉ ይዋሻሉ። የሚዋሹት ደግሞ አንድ ዓይነት ውሸት ነው፤ ተነጋግረው፣ ተማምለው። ሎውሪ ይህን ቢሰማ ወንጀሉን ተባብረው ሠርተዋል ይል ነበር። እሷም ለአንድ ሰዓት ያህል የቤዚን ስም ወረቀት ላይ ጽፋ ስታከብበው ቆየች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ያለቦታው የጠረጠረም እንደሚመነጠር ግን የሚነግር የለም።

ዓርብ ገና ጎህ ሲቀድ እንደገና ወደ ድሬዳዋ ደወለች። ስልኩ ተነሳ። ከጀርባ የብዙ ሰው ድምፅ፣ የቁርአን ንባብ ይሰማል።

"ሪድዋን ነው?" አለች ሴትየዋ፣ ተሽቀዳድማ። "ወንድሜ፣ ነገሩህ እንዴ?"

አክሱማዊት ወንበሩን ጨብጣ ያዘች። "ሪድዋን አይደለም፤ እሱ ካለበት አገር የምደውል እህት ነኝ። ምኑን ነው የሚነግሩት?"

እህትየው እያለቀሰች ነገረቻት። እናታቸው ማክሰኞ ጠዋት አርፋለች። በእንቅልፏ ነው። በማግሥቱ ቶሮንቶ ላሉት ትልልቅ ሰዎች ተነገረ፤ ለእሱ ግን አልተነገረም። በስልክ መርዶ አይነገርም፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ብቻውን አይሰማም።

ለአክሱማዊት ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተገለጠላት። የቤዚ "በተለይ አሁን"፣ የጋሽ ሰብስቤ "ለቅዳሜ"። ካናዳ ውስጥ መርዶ የሚነገረው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ በሥራ ቀን ለማልቀስ ማን ፈቃድ ይሰጣል። እስከ ቅዳሜ ድረስ ሐዘንተኛው ፌስቡክ እንዳያይ፣ ከአገር ቤት ተደውሎ እንዳይሰማ፣ ስልኩ ይወሰድበታል። ይህን እሷ እንዴት ዘነጋችው? የራሷ አባት ሲሞት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ፈተና ላይ ናት ብለው አሥራ አንድ ቀን ደበቋት። በአሥራ አንዱ ቀን ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ሲኒማ ገብታ ሆዷን ይዛ ስቃለች። ያንን ሳቋን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

"ሐሙስ ዕለት የደወልሽው አንቺ ነሽ" አለች። "ስልኩን ማን አነሳው?"

"ነግረውት እንደሆነ ልሰማ ነበር የደወልኩት፤ ያነሱት አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጠየቅሁም። 'ልጄ፣ አልነገርነውም፤ ቅዳሜ ተሰብስበን እናረዳዋለን፤ እስከዚያ አትደውዪ' አሉኝ።"

"ሌላ የሰማሽው ነገር አለ?"

"ልክ ስልኩ ሲነሳ መዶሻ ሰማሁ። ብረት በብረት፣ ሁለቴ ወይ ሦስቴ። ከዚያ አወሩኝ። መጨረሻ ላይ ከሩቅ አንድ ፈረንጅ እየጮኸ መጣ፤ 'ቆዪ ልጄ፣ ሰው መጣብኝ' ብለው ዘጉት።"

አክሱማዊት አመስግና ስልኩን ዘጋች። መዶሻው ሲመታ ፈረንጁ ገና አልመጣም። የመታው ሌላ ሰው ነው፤ ስልኩን የያዘው።

ዳንፎርዝ ላይ ያለው የእታገኝ ሱቅ ገና አልተከፈተም፤ የጓሮው በር ግን ክፍት ነው። ስልሳ የፕላስቲክ ወንበር፣ የውሃ ካርቶን፣ የቴምር ሣጥን ተደርድሯል። እታገኝና ቤዚ ወንበር እየቆጠሩ ነበር። ሲያዩዋት ቀጥ ብለው ቀሩ።

"ሰምቻለሁ" አለች አክሱማዊት። "ነፍሳቸውን ይማር።"

እታገኝ ያን ጊዜ እንባዋን ለቀቀችው። ሁለት ቀን ሙሉ አፍና የያዘችው ነው። "የኔ እመቤት፣ እንዳትነግሪው ብቻ! እስር ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ሰው ሳይኖር፣ ደጋፊ ሳይኖር!"

"እትዬ፣ ልጁ ከሁለት ሰዓት በኋላ በነፍስ ግድያ ይከሰሳል። የሚከሰሰውም በዚህ ምስጢር ነው። ረቡዕ ማታ ሥራ ተከፋፈላችሁ አይደል? ወንበር እርስዎ ያዙ። አዳራሽ?"

"ደረጄ" አለች ቤዚ በቀስታ።

"ምግብ?"

"ወለተማርያም።"

"ስልኩን ማን ያዘ?"

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። እታገኝ ምንም ክፋት ሳታስብ፣ እንደ ቀላል ነገር መለሰችላት። "ስልኩንማ ጋሽ ሰብስቤ ናቸው የያዙት። ከሥራ ሲወጣ ከጃኬቱ አወጣሁት ብለው አሳዩን እኮ። ኪሳቸው ውስጥ ነው ያለው።"

"ፖሊስ ከሪድዋን ሎከር ውስጥ ነው ያገኘው" አለች አክሱማዊት።

ቤዚ የያዘችውን ወንበር አስቀመጠች። ፊቷ ቀስ በቀስ ሲገረጣ አክሱማዊት አየችው። "ኖ" አለች ቤዚ። "ኖ፣ ኖ። ሎከሩ ውስጥ ለምን ያስገቡታል? እሱ ያገኘዋላ!" ነገሩ ለእሷም ገብቷታል።

እታገኝ ግን አልገባትም፤ ወይም እንዲገባት አልፈለገችም። "እሳቸው እኮ ናቸው የሚያረዱት" ትላለች ደጋግማ። "መርዶውን የሚነግሩት እኮ እሳቸው ናቸው።"

ጋሽ ሰብስቤን ወርክሾፑ ውስጥ፣ ከሪድዋን ቶርኖ አጠገብ ብቻቸውን ቆመው አገኘቻቸው። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ እንግሊዝ አገር ተሠርቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስንቱን ቅምቡላ ቀርጾ፣ የእንግሊዙ ወርክሾፕ ሲዘጋ በመርከብ የመጣ።

"ጋሼ፣ የድሬዳዋዋን ልጅ አናገርኳት።"

አልደነገጡም። የቶርኖውን እጀታ በጨርቅ መጥረጋቸውን ቀጠሉ። "ልኩን የሳተው ይሄ ማሽን ነው" አሉ። "ልጁ አይደለም። በመጋቢት ነው የጀመረው፤ የፀጉር ያህል ብረት ያስቀራል። ለባለቤቶቹ ነገርኩ፤ ዝም ብለህ አሠራ አሉኝ እንጂ ማሽኑን አላቆሙትም። ፕራት ደግሞ ቀይ መቀባቱን ቀጠለ። ሦስት ጊዜ የተመለሰበት ሠራተኛ ይቀነሳል። ልጁ ከተቀነሰ ደመወዝ የለውም፤ ደመወዝ ከሌለው እናቱን አያስመጣም። የአባቱን ውለታ አሰብኩ። የፕራትን የመሰለ አንድ ማኅተም ቀረጽኩ።"

"እናቱኮ ማክሰኞ አርፈዋል፤ እርስዎም ያውቁ ነበር። ሐሙስ ለምን መጡ?"

እጃቸው ቆመ። "ዓርብ ርክክብ ነው። አርባ ከጎደለ ውሉ ይፈርሳል፣ ስልሳ ሰው ይበተናል አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ? እሷ ሞታም አልተውኩትም። እጄ ለምዶ ነበር።"

"ፕራት አየዎት።"

"ስልኩ ነው ያጋለጠኝ። ሲጮህ ፕራት ከወዲያኛው አዳራሽ ሰማው። ዝም ባሰኘውስ፣ ልጅቷ ደግማ ትደውል ይሆናል፤ ደግሞ ሐዘንተኛ ናት፣ እንዴት ዝም እላታለሁ ብዬ አነሳሁት። መጣ። ማኅተሙን እጄ ላይ ሲያይ አልተቆጣም እኮ! አለቀሰ። እናቱ አንድ ክፉ ቅምቡላ አሳልፋ፣ መድፍ ውስጥ ፈንድቶ ስድስት የገዛ አገሯን ልጆች እንደ ገደለ ነገረኝ። እስክትሞት ስማቸውን ትጠራ ነበር አለ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ቀፎውን ለሚረከበው የሠራዊት መኮንን እናገራለሁ አለኝ፤ ዞሮ ሄደ።" ጨርቁን ማሽኑ ላይ ጣሉት። "መዶሻው እጄ ላይ ነበር።"

"ስልኩንስ? የሪድዋን ሎከር ውስጥ ለምን አስገቡት?"

"የሱ ነው፤ መለስኩለት።"

"ጋሼ!"

ዓይናቸውን ወደ ማሽኑ መለሱ። አክሱማዊት ከደሙም፣ ከመዶሻውም ይልቅ ይህን መልስ ጠላችው።

"እስከ ቅዳሜ ብዬ ነው" አሉ በመጨረሻ። "መጀመሪያ እናቱን ላርዳው፤ ከዚያ እጄን እሰጣለሁ ብዬ። ከሰው ሁሉ በፊት እኔ ልነግረው ይገባል። አባቱ ጣቴን ይዞ ያስተማረኝ ሰው ነው።"

ያመኑበት ይመስላል። ካቴናውን ስታስገባላቸው ሁለቱን እጃቸውን ራሳቸው አቀረቡ።

ለአራት ሰዓት ሩብ ሲቀር ሎውሪ የሪድዋን መልቀቂያ ወረቀት ላይ ፈረመ። ለአክሱማዊት ጥሩ ሥራ ነው አላት፤ እሷ ግን አልሰማችውም። ከታች፣ መግቢያው ላይ፣ እታገኝና ቤዚ ሌሎች አሥራ አምስት ሰዎች አስከትለው ቆመዋል። ሴቶቹ ጥቁር ሻሽ አስረዋል። ቅዳሜን መጠበቅ ቀርቷል። ማን ያርዳው በሚለው ግን አልተስማሙም፤ ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

"እኔ እነግረዋለሁ" አለች። "እናንተ እዚሁ ጠብቁት።"

ሪድዋን ካቴናው ተፈቶለት በትንሿ ክፍል ተቀምጧል። ሲያያት ተነሳ፣ ፈገግ አለ። "ንጹሕ ነህ አሉኝ። አላህ ይስጥልኝ! ስልኬን ይሰጡኛል አይደል? ትናንት ስላልደወልኩ እናቴ አብዳለች።"

ስልኩ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ እጇ ላይ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ መዳፏን ግን አላነሳችም።

"ሪድዋን፣ ቁጭ በል።"

የሐበሻ ልጅ ነው። ድምፅዋን ሰማ፣ መዳፏን አየ፤ ተቀመጠ። ነገረችው። በአማርኛ፣ ሳታድበሰብስ፣ እጁን ይዛ ነገረችው።

"መቼ?" አለ።

"ማክሰኞ ጠዋት፤ በእንቅልፋቸው።"

"ማክሰኞ።" በጣቱ ቆጠረ። "ረቡዕ ማታ አልጋዋን ስገጣጥም እያንጎራጎርኩ ነበር። ጎረቤት ግድግዳ እስኪመታብኝ ድረስ።"

አክሱማዊት ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ሲኒማ ቤት የሳቀችውን ሳቅ አስታወሰች።  እጁን አጥብቃ ያዘች፤ እሱም አለቀሰ። ከታች ያሉት ድምፁን ሰምተው አብረውት ሲያለቅሱ ተሰማ።

ትንፋሹ ሲመለስለት በሩን አየ። "ብቻዎን ነው የነገሩኝ" አለ። "ጋሽ ሰብስቤ አልሰሙም?"

"ሰምተዋል።"

"ታዲያ ለምን አልመጡም? እኔን ማርዳት የሳቸው ነበር። አባቴ ሲሞትም እሳቸው ናቸው የነገሩኝ።"

አክሱማዊት ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። ሁለተኛው መርዶ ገና አልተነገረም።